የጠረጴዛው አራተኛ እግር

ሰኞ 3

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ዝናብ ሲሆን ታፔላ አይሰቀል፣ ቀለም አይደርቅ። ሥራ ስፈታ ይህን ደብተር ከመሳቢያ አወጣሁት። የልጄ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ገጾች ላይ የሳለችው ጣቶች ብቻ ነው፣ ሃምሳ ጣት ይሆናል። ሌላው ባዶ ነው። ወረቀት ደግሞ አይጣልም።

የጻፍኩበት ምክንያት ግን ዝናቡ አይደለም። ዛሬ አንዲት ባለ መነጽር ሴት ሱቄ ገባች።

“ታፔላ ሊያሠሩ ነው?” አልኳት።

“የለም፣ እስኪያባራ ልጠለል ብዬ ነው፣ ይቅርታ ጋሼ” አለች።

ወንበር ሰጠኋት። ወንበሩ ያለው አሮጌዎቹ ቆርቆሮዎች አጠገብ ነው። አንድ ሱቅ ስሙን ሲቀይር አሮጌ ታፔላው ወደ እኔ ይመለሳል። ፊቱ ላይ “ፀጉር ቤት” ወይም “ጫማ እናድሳለን” ይላል፤ ጀርባው ላይ እኔ በተራረፈ ቀለም የሞነጫጨርኩት አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሞነጫጨርኩት አንድ ነገር ነው፦ ቤታችንን፣ ጠረጴዛውን፣ ባለቤቴን ከስፌት መኪናዋ ጋር፣ ልጄን ጠረጴዛው ሥር። ለሰው አላሳይም። ጽሑፉ ወደ ውጭ፣ ሥዕሉ ወደ ግድግዳ ሆኖ ነው የሚቆመው።

ሴትዮዋ አንዱን ገልበጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ሌላውን። ዝናቡ አባራ፤ እሷ ግን አልወጣችም።

“ማነው የሳላቸው?”

“እኔ ነኝ፤ ግን ሥዕል እኮ አይደሉም።”

“ታዲያ ምንድን ናቸው?”

ወይ ጉድ! ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሙዚየም ውስጥ ነው የምትሠራው። ዓርብ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ማክሰኞ 4

ለባለቤቴ ነገርኳት። መርፌውን ከአፏ ሳታወጣ “ቆርቆሮህን እንዳታስወስድ” አለች።  ማታ ግን የክት ሸሚዜን ስትተኩስ አገኘኋት።

ዓርብ 7

ባለ መነጽሯ መጣች፣ ካሜራም ይዛ። ሠላሳ አንዱንም ቆርቆሮ አንድ በአንድ አይታ ለሙዚየሙ ኤግዚቢሽን ሰባት መረጠች። ኤግዚቢሽኑ ከየአገሩ የተሰበሰበ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በራሳቸው የተማሩ ሠዓሊዎች ሥራ ነው። ከእነሱ አንዱ ዕድሜውን ቀረጥ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ከአገሩ ሳይወጣ ጫካ ስሏል፣ ከነአንበሳው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል ነው የማውቀው፤ ያ ሰውዬ ግን ናፍቆታል። አንዷ ደግሞ ቀን የሰው ቤት ስትወለውል ውላ ማታ በሯን ዘግታ አበባ ትስል ነበር።

“የተማሩት ሠዓሊዎች ለቀረጥ ሰብሳቢው ግብዣ አዘጋጁለት። የክብር ወንበር ላይ አስቀመጡት” አለችኝ።

“ከልባቸው ነው?”

የካሜራዋን ክዳን ገጠመች። “ግማሹ ከልብ፣ ግማሹ ለቀልድ ነበር ይባላል።”

አለመዋሸቷን ወደድኩላት። ነገሩ ግን ቅር አለኝ።

ስትወጣ፣ “ዓርብ 28 መኪና ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም አያድርጉባቸው ጋሼ፣ እንዳሉ ይቆዩ” አለች። ሁሉም ደንበኛ እንዲህ ነው የሚለው። “አይድከሙ” ይላል፤ ሲረከብ አቧራ ካየ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ፀሐይ የበላው ታፔላ ሳይታደስ ከዚህ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም።

ሁለት የመግቢያ ካርድ ሰጠችኝ። ለእኔ አያስፈልግም። አንዱ የባለቤቴ ነው።

እሁድ 9

እሁድ እሁድ ልጃችን ለእናቷ ትደውላለች። ሌላ ከተማ ነው ያለችው፣ ሥዕል ታስተምራለች። እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ አላጣም። ዛሬ በሩ ሥር የወደቀ ብሩሽ ስፈልግ ነበር፤ ሳልፈልግ ሰማሁ።

“አባትሽ? አለ። ቀለም እያሸተተ ነው፣ ምን ይሆናል ብለሽ… እስቲ ልጥራልሽ?… እሺ። እሺ በቃ፣ አልጠራውም አልኩሽ።”

ብሩሹን አላገኘሁትም።

ካነጋገረችኝ አራት ዓመት ሆነ። ስሟን ትቼ “ጠብታ” ነበር የምላት፤ በሄደችበት ሁሉ ቀለም ታንጠባጥባለችና። የስፌት መኪናው እግር ላይ እስካሁን ሰማያዊ ነጥብ አለ። ባለቤቴ ሁሉን ነገር ትወለውላለች፤ እሱን ግን ዞራው ታልፋለች።

ሁለተኛው ካርድ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልጄ የተማረች ሠዓሊ ናት። በዚያ ግብዣ ላይ ብትኖር ከየትኛው ግማሽ ጋር ትቆም ነበር? ቀኑን ሙሉ ይኸው ሆነ ሐሳቤ። መጥታ እንድታየኝ እፈልጋለሁ። በእኔ አፍራ አንገቷን እንድትደፋ ግን አልፈልግም።

ረቡዕ 12

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ነገሮች ሲርቁ እንዴት እንደሚያንሱ፣ መስመሮች ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ያስተምራል። በሥዕል ነው፤ ለመረዳት አይከብድም።

ወይኔ! የእኔ ጠረጴዛ አራት እግሩም ይታያል። በመጽሐፉ ሕግ ከበሩ ሆኖ የሚያይ ሰው ሁለት ብቻ ነው የሚያየው፣ ሦስተኛው ቢበዛ በግማሽ። ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ትበልጣለች። በሩ ከመስኮቱ ያንሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ነገር! ያቺ ሴት እንዴት ሳትስቅ ወጣች? ወይስ መኪና ውስጥ ገብታ ነው የሳቀችው?

ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው መጽሐፉን አይቶ “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” አለኝ። “አንተ ግን ከጠመጠምክ ሃያ ዓመት ሆነህ።”

“ዝም ብለህ ቁልፍህን ሞርድ” አልኩት።

ሐሙስ 13

ካርዱን ለልጄ ልልክ ፖስታ ገዛሁ። አድራሻውን ባለቤቴን መጠየቅ አለብኝ። ነገ።

ቅዳሜ 15

አቧራውን ብቻ ጠረግኩ። አንደኛውን።

ከሰዓት፦ አቧራው ሲነሣ መደብዘዙ ባሰ። ግድግዳውን ብቻ አደስኩ።

ማታ፦ ግድግዳው ሲታደስ ጠረጴዛው አሳፈረኝ። በመጽሐፉ መሠረት አስተካከልኩት። በማስመሪያ። ሁለት እግር ቀርቶለታል፣ አምሮበታል። እውነቱን ለመናገር ያማረ ጠረጴዛ ነው።

ማክሰኞ 18

ሦስት ጨረስኩ። ቁልፍ ሠሪው ሻዩን ይዞ መጣና ቆሞ አየ። አስተያየት የማያጣ ሰው ዛሬ ብዙ ቆየ።

“እ? ምን ይመስልሃል?” አልኩት።

“ጥሩ ነው። ንጹሕ ነው።”

“ግን?”

“ግን ምንም። ድሮ አንዴ አሾልቄ ሳየው የእናቴ ቤት ትዝ ብሎኝ ነበር። አሁን… የዕቃ መሸጫ መሰለኝ።”

ቁልፍ ሠሪ ስለ ሥዕል ምን ያውቃል። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ሐሙስ 20

አራተኛው። የባለቤቴን ጭንቅላት አሳነስኩ። መስኮቱ ቀጥ አለ።

ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች። ቆርቆሮውን አየችው፣ አየችኝ።

“ይቺ ማናት?”

“አንቺ ነሻ!”

“እኔ እንኳ አይደለሁም” አለችና ሳህኑን አስቀመጠች። “አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ አትንካቸው ብላህ የለም ወይ?”

“አልነካሁም፤ አደስኩ።”

“ያኔም እንዲሁ ነበር ያልከው።”

ስለዚያ ሥዕል አልጽፍም።

እሁድ 23

ስልኩ ጮኸ። የወደቀ ብሩሽ አልነበረም፤ ዝም ብዬ በሩ ሥር ቆምኩ። ባለቤቴ ስለ ኤግዚቢሽኑ ነገረቻት።  “እሱ አልላከኝም፤ ከራሴ ነው የምነግርሽ” አለች። ከዚያም፣ “እኔ ምን አውቄ፣ ራስሽ ጠይቂው።” አልጠየቀችኝም።

እንቅልፍ እንቢ ካለኝ ልጻፈው፣ ይውጣልኝ።

ትምህርቷን የምትጨርስበት ጊዜ ነበር። የመመረቂያ ሥዕሏን ይዛ መጣች፦ እናቷ ጨርቅ ስትቆርጥ። ፊቷ፣ ትከሻዋ፣ ቀሚሷ ሁሉም አለ፤ ቀኝ እጇ ብቻ አልነበረም። ሦስት የሰማያዊ መስመር ተጥሎ ተትቷል። ዝናብ ስለነበር ሱቄ አሳደረችው። ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው እጄን በላኝ። ነገ አስተማሪዎቿ “እጅ የሌላት እናት” ብለው ቢስቁባትስ? ጊዜ አጥሯት ይሆናል፣ ልርዳት ብዬ ነው። እጁን ሳልኩት። አምስት ጣት፣ ጥፍር፣ ቀለበት ሳይቀር። እንደዚያ ያለ እጅ ሠርቼ አላውቅም። ጠዋት እስክታይልኝ ቸኩዬ ነበር።

አየችው። አልጮኸችም። በጨርቅ ጠቀለለችውና በሩ ላይ ስትደርስ “አባዬ፣ ብትጠይቀኝስ ኖሮ?” አለች። እሱን ሥዕል ሳታቀርብ ቀረች። ሌላ ሠርታ በዓመቱ ተመረቀች፤ የተመረቀች ዕለት አልነበርኩም።

እኔ የረዳኋት ነው የመሰለኝ። አሁንም እጁ ጥሩ እጅ ነበር እላለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሰኞ 24

ስድስቱም አለቁ። የቀረ አንድ።

እሱ ላይ ልጄ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣለች፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። እየሳልኩ ውሃ ልጠጣ ወጣ ስል ቢጫውን ብሩሽ አንሥታ ጣሪያው ላይ ፀሐይ ሳለችበት። ቤት ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ! “ፀሐይ ውጭ ነው የሚወጣው” ስላት “ውጭ ዝናብ ነው አባዬ፣ ይግባ” ነበር ያለችኝ። ከፀሐዩ አንድ ጠብታ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ደርቋል።

የጣሪያውን ቀለም በጠበጥኩ። ነገ እሸፍነዋለሁ።

ረቡዕ 26

የጣሪያው ቀለም ወፈረብኝ። በቲነር አቀጠንኩት።

ሐሙስ 27

አሁን ደግሞ ቀጠነ። ብሩሹም ፀጉሩ ረግፏል። ጊዜም የለም፣ ነገ ነው የምትመጣው። አንዱ ሳይታደስ ቢሄድ ምን ይሆናል? ከሰባት አንድ ነው።

ዓርብ 28

ስድስቱን ደርድሬ ጠበቅኳት። ሰባተኛውን ከኋላ አደረግኩት፤ አሳፍሮኝ።

ባለ መነጽሯ ገባች፣ ስድስቱን አየች። የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለች፤ ክዳኑ እርጥብ መሆኑን አልነገርኳትም።

“ማነው የነካቸው?”

“እኔ ነኛ። ሌላ ማን ይነካቸዋል?”

“ጠረጴዛው አራት እግር ነበረው።”

“ከበሩ ሆኖ የሚታየው ሁለት ነው። መጽሐፉ…”

“አውቃለሁ ጋሼ። እዚህ ቤት የኖረ ሰው ግን አራቱንም ያውቃቸዋል።” መነጽሯን አወለቀች። “የተማሩት ሠዓሊዎች እኮ ይህን መጽሐፍ ለመርሳት ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት።”

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። “ቀለሙን ላነሣው እችላለሁ” አልኳት፤ ከሥሩ ያለውም አብሮ እንደሚነሣ ሁለታችንም እናውቃለን። ቆርቆሮ ነው፣ የዘይት ቀለም ነው። ሙያዬ ነው፤ መቼ ጠፋኝ።

ከዚያ ሰባተኛውን ከኋላ አየችው። አውጥታ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው። ብዙ ቆየች።

“ይኼን ለምን አልነኩትም?”

ቀለሙ ወፍሮብኝ፣ ብሩሹ ረግፎ ልል ነበር። “ፀሐዩ የእኔ አይደለም። የልጄ ነው” አልኩ። ይህን ስል ነው ለራሴም የገባኝ።

የሰው እጅ ነው ብዬ ነው ያልነካሁት። ሳልነካ መተው እችላለሁ ማለት ነው። ያኔም እችል ነበር።

አንዱን ይዛ ሄደች። ፀሐዩን ማን እንደሳለው ከሥሩ ይጻፍልኝ ብዬ ለመንኳት፣ እሺ አለችኝ። ከሄደች በኋላ የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጾች ገለጥኩ። አራት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ የነበሩ ጣቶች። የእናቷ ናቸው። በመርፌ የተወጋው ጫፍ፣ ከመቀስ ብዛት የጎበጠው አውራ ጣት፣ ሁሉም አለ። እንደ እኔዎቹ ንጹሕ አይደሉም፤ ግን ሳያቸው እሷን ነው ያየሁት። መሳል አቅቷት አልነበረም የተወችው። ሳታውቅ ቀርታ መስሎኝ ነበር፣ ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እሁድ 30

ስልኩ ሲጮህ ከበሩ ሥር ወጥቼ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ ደነገጠች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። “አባትሽ እዚህ ተቀምጧል” አለች። ስልኩ አልተዘጋም።

ሰኞ 1

ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። በመጨረሻ ካርዱ ጀርባ ላይ “እጁን መንካት አልነበረብኝም። አባትሽ” ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜ ልኬን የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ ይቺን መስመር አጣመምኳት።

ቅዳሜ 6

ተከፈተ። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ሥራ ነው። አንዱ ዛፍ የሚያክል ዶሮ ስሏል፣ አንዱ ክንፍ ያላቸው ቤቶች። ሁሉም አንድ ነገር የጠፋባቸውና የሚፈልጉ መሰሉኝ። በመካከላቸው የእኔዋ ቆርቆሮ፣ ከነዝገቷ።

ሁለት ወጣቶች ፊቷ ቆሙ። “ይኼን ፀሐይ ልጅ የሳለው አይመስልም?” አለ አንዱ።

“ልክ ነህ፣ ልጅ ናት የሳለችው” አልኩት። ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። ግብዣው ላይ የነበረው ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ ለካ እሱም ሳይስቅ አልቀረም።

ልጄ አልመጣችም። ከበሩ አጠገብ ስቆም ባለቤቴ እጄን ይዛ “በሩ ጠባቂ አለው፣ ና ወደዚህ” አለችኝ። እስኪዘጋ ቆየን።

ሐሙስ 11

ብቻዬን ሄድኩ። የአዳራሹ ጥበቃ ለየኝ።

“አባባ፣ ከዚች ሥዕል ጋር ምን አለዎት? ትላንትም አንዲት ሴት ሥዕሏ ፊት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አልነሣም አለችኝ።”

“መሬት ላይ?”

“መሬት ላይ! አይቻልም እሜቴ፣ ወንበር አለ ብላት፣ ‘እኔ ሁልጊዜ እዚህ ነው የምቀመጠው’ አትለኝም? ጤነኛ አልመሰለችኝም። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ነካክታ፣ ፎቶ አንሥታ ሄደች።”

ከሙዚየሙ እስከ ቤቴ በእግሬ መጣሁ። አንጀቴን በላችው። ከተማው ውስጥ ነበረች፣ ትላንት፣ ቤታችን ሳትመጣ። ግን መጥታ ነበር።

ማክሰኞ 16

ጥቅል መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ፤ ያው ጨርቅ ነው፣ አወቅኩት። ባለቤቴ ፈታችው፣ እኔ አልቻልኩም።

የእናቷ ሥዕል። እጁ አለ። አራት ዓመት ሙሉ አልፋቀችውም፣ አልሸፈነችውም። ከነቀለበቱ፣ ከነጥፍሩ። ከእሷ አሣሣል አጠገብ ሲታይ እኔ የሳልኩት እጅ እንደ ታፔላ ነው። ከሥሩ በኩል ከሦስቱ ሰማያዊ መስመሮች አንዱ በትንሹ ይታያል።

ወረቀት ተያይዟል፦ “አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ስለ እጁ አብረን እናስባለን። እስከዚያ አትንካው።”

ባለቤቴ ወረቀቱን ሦስቴ አነበበችና የስፌት መኪናዋን ልብስ አለበሰችው። እሷም ሥራ መሥራት አቃታት።

ረቡዕ 17

አልነካሁትም። ቀለበቱ ላይ አቧራ አለ።

ሐሙስ 18

አልነካሁትም። ብሩሾቹን በሙሉ ለቁልፍ ሠሪው በአደራ ሰጠሁ። “ምን ሆነሃል?” አለኝ። “ልጄ ልትመጣ ነው” አልኩት። ሳይቀልድ ተቀበለኝ።

ዓርብ 19

ዝናብ ነው። አቧራው አሁንም አለ። ጠረጴዛውን ብቻ ወለወልኩ፤ አራቱንም እግር።